ከይፋግ የመጡ ሁለት ስሞች

ጦርነቱ ባለቀ ማግስት፣ ከግንባር ያልተመለሱ ወታደሮችን ከቤተሰቦቻቸው ጋር የሚያገናኝ አንድ የርዳታ ድርጅት ደብረ ታቦር ውስጥ ቢሮ ከፍቶ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ዕቃውን አከፋፍሎ ሲሄድ፣ ጠረጴዛው ለአንዱ ወንበሩ ለሌላው ደረሰ፤ ኮምፒውተሩና ጸሐፊዋ ወርቅዬ ማሩ ደግሞ ባንድነት ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተላለፉ። በርክክቡ ወረቀት ላይ የወርቅዬ ስም የሰፈረው ከማተሚያው ቀጥሎ፣ ከሁለቱ የብረት ሳጥኖች በላይ ነበር።

ተቀባዩ መሥሪያ ቤት የሚያደርጋቸው ቢያጣ ከመዝገብ ቤቱ ጀርባ ያለውን የዕቃ ግምጃ ቤት ሰጣቸው። ወርቅዬ ጠዋት ጠዋት ደብዳቤ በታይፕ ትመታለች፤ ከሰዓት በኋላ ግምጃ ቤቱን ከፍታ፣ ኮምፒውተሩን ያለበሰችውን አሮጌ ነጠላ ገፍፋ ታስነሳዋለች። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ናት። አባቷ መሪጌታ ማሩ ክምር ድንጋይ በምትባለው ከተማ ካረፉ ወዲህ ቤቴ ብላ የምትሄድበት ዘመድ አልቀራትም፤ ትዳርም አንድ ጊዜ ታስቦ ሳይሆን ቀርቷል። ከአንዲት መበለት ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ በሯን ዘግታ ሰኞን የምትጠብቅ ሰው ነበረች።

ኮምፒውተሩ ዶስ በሚባለው በጥንቱ ሥርዓት የሚሠራ ነው። ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፤ ጥቁር ፊቱ ላይ አረንጓዴ ፊደል አስቀምጦ ትእዛዝ ይጠብቃል። ትእዛዙ ባንድ ፊደል ከተሳሳተ አላውቀውም ይላል። በ1992 መሥሪያ ቤቱ ዊንዶውስ ያለው አዲስ ኮምፒውተር ገዝቶ ደምሴ የሚባል ባለሙያ ሲቀጠር፣ ደምሴ አንድ ቀን ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሲያያት ቆየና፣

«እትዬ ወርቅዬ፣ ይሄ እኮ ማውስ እንኳ የለውም» አላት።

«አይጥ ከፈለግህ ከሳጥኖቹ ኋላ ሞልቷል» አለችው።

ደምሴ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ከዚያ በኋላ ወደ ግምጃ ቤቱ ብዙም አልመጣም።

ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ ዲቤዝ በሚባል የመዝገብ ፕሮግራም የተያዙ ሁለት ዝርዝሮች አሉ። የመጀመሪያው ከእብናት፣ ከይፋግ፣ ከፋርጣና ከጋይንት ወላጆች እየመጡ «ልጄ ጠፋብኝ» ብለው ያስመዘገቧቸው ሦስት ሺህ አንድ መቶ ያህል ስሞች ናቸው። ሁለተኛው ጦሩ ከተበተነ በኋላ በየመጠለያው ያለፉ የሃያ ሁለት ሺህ ወታደሮች ስም ነው፤ ከድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት በፍሎፒ ዲስክ የተላከ። የእያንዳንዱ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታና ከመጠለያው ወጥቶ ወዴት እሄዳለሁ እንዳለ ከስሙ ጎን ሰፍሯል። ዶስ አማርኛ ስለማያውቅ ሁሉም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

ወላጅ ሲመጣ ወርቅዬ የጠፋውን ልጅ ስም ትጽፋለች፤ ማሽኑ ሁለተኛውን ዝርዝር በርብሮ ያገኘውን ያሳያል፤ ካጣ የለም ይላል። ድሮ ሰው ግቢውን ያጣብበው ነበር። ዓመቱ እየገፋ ሲሄድ እኩሌታው ተስፋ ቆረጠ፣ እኩሌታው ሞተ። በ1993 በገበያ ቀን እንኳ ሁለት ሰው ከመጣ ብዙ ነው።

ሳያቋርጡ የሚመጡት ሁለት የይፋግ እኅትማማቾች ነበሩ። ታላቋ ወይዘሮ ከድጃ ክርና ጨርቅ፣ ታናሿ ወይዘሮ ነጅሚያ ቅመም ይነግዳሉ። ባሎቻቸው ሞተዋል፤ ቤታቸው ባንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው። የከድጃ ልጅ ዩኑስ ዑመርና የነጅሚያ ልጅ ሬድዋን ሰዒድ በ1981 ባንድ ቀን፣ ከአንድ ገበያ፣ ባንድ መኪና ተጭነው ለጦርነቱ ተወስደዋል። ሁለቱም ሃያ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። እኅትማማቾቹ በየዓመቱ ረመዳን በተፈታ በሳምንቱ ከይፋግ ማልደው ተነሥተው፣ ወረታ ላይ መኪና ቀይረው ይመጣሉ። ወርቅዬ ሁለቱን ስሞች ትጽፋለች።

«የለም፣ እማማ» ትላለች።

«የለም ማለት ሞተ ማለት አይደለም» ይላሉ ከድጃ። ነጅሚያ ዝም ይላሉ። ከዚያ የመልስ መኪና እንዳያመልጣቸው ይነሣሉ።

በ1993 ሐምሌ ወርቅዬ በርቀት ስትማረው የቆየችው የኮምፒውተር ትምህርት አልቆ የምስክር ወረቀቷ መጣ። ከማኅደሯ ጋር እንዲያያዝላት ለሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ ለአቶ ሙላቴ ብትሰጣቸው፣ አገላብጠው አዩና መለሱላት።

«ይሄ ያንቺ አይደለም» አሏት።

«የኔ ነው እንጂ ጋሼ።»

«ማኅደርሽ ላይ ወርቅዬ በእንግሊዝኛ በኪው ነው የተጻፈው፤ ይሄ በኬ ነው። መጨረሻውም ላይ አንድ ፊደል ጎድሎታል። የሌላ ወርቅዬ ቢሆንስ እኔ በምን አውቃለሁ?»

ወረቀቱን ይዛ ወደ ግምጃ ቤቱ ገባች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። መጀመሪያ ተናደደች፤ ኋላ ግን ንዴቷን ትታ ሌላ ነገር ማሰብ ጀመረች። እሷ በሕይወት እያለች፣ እዚያው ቆማ የኔ ነው እያለች ስሟን ከተከለከለች፣ እነዚያ ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ማን ይናገርላቸዋል? የጠፉትን ስም በየጊዜው የተቀያየሩ ሦስት ጸሐፊዎች ነበሩ የመዘገቡት። በየመጠለያው ያሉትን ማን እንደጻፋቸው እግዜር ይወቀው። ካሴን አንዱ በሲ ሌላው በኬ ጽፎት ከሆነ፣ ማሽኑ ሁለት ካሴ ነው የሚያየው። ስንቱን ወላጅ በዚህ ምክንያት «የለም» ብላ ሰድዳ ይሆን?

አባቷ ፊደል ሲያስቆጥሯት «ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ልብስ ይለዋውጣል እንጂ ፊደሉ አጥንቱ አንድ ነው» ይሏት ነበር። ያን ቀን ከሰዓት ወረቀት አውጥታ የስሞችን አጥንት መፈለግ ጀመረች። አናባቢዎቹን አወጣች። ሲን፣ ኬንና ኪውን አንድ አደረገች። ድርብ ሆሄን ነጠላ አደረገች። ዋይና ደብልዩ አንዳንዱ ጸሐፊ የሚጽፋቸው አንዳንዱ የሚተዋቸው ስለሆኑ እነሱንም አስወጣች። የቀረውን አየችው፤ የራሷ ስም በሁለቱም አጻጻፍ አንድ ሆኖ ወጣ።

ይህን በእጅ ለሃያ ሁለት ሺህ ሰው መሥራት የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ማሽኑ እንዲሠራው ደግሞ ትእዛዙን አንድ በአንድ፣ ከላይ ወደ ታች ደርድሮ በዲቤዝ ቋንቋ መጻፍ ያስፈልጋል። ድርጅቱ ትቶት የሄደ ፎቶ ኮፒ መጽሐፍ ነበራት፤ መካከሉ ላይ ዐሥራ ምናምን ገጽ የለውም። መዝገበ ቃላት ከጎኑ ዘርግታ ሐምሌን ሙሉ ከእሱ ጋር ታገለች። የጎደሉት ገጾች ላይ የነበረውን እየሞከረች፣ እየተሳሳተች አገኘችው።

ነሐሴ መግቢያ ላይ ፕሮግራሙን አስነሣችው። ማሽኑ የመጀመሪያውን የጠፋ ሰው ይዞ ሃያ ሁለት ሺውን አንድ ባንድ ማነጻጸር ጀመረ። እስከ ማታ ዐሥራ አንድ ሰው ጨረሰ። በማግሥቱ ጉና ተራራ ላይ መብረቅ ሲወርድ መብራት ሄደና ያ ሁሉ ጠፋ፤ ከአንድ ጀመረች። በሦስተኛው ቀን እንደገና ጠፋ። ያኔ ማሽኑ የደረሰበትን ቁጥር እየመዘገበ እንዲሄድ፣ ሲነሣም ከዚያው እንዲቀጥል ጨመረችበት። እንዲህም ሆኖ በስሌቷ ከዘጠኝ ወር በላይ የሚፈጅ ነበር። ኋላ ከመጽሐፉ መጨረሻ፣ ስሞቹን አስቀድሞ በተራ የሚያሰልፍ ማውጫ መሥራት እንደሚቻል አነበበች። የዘጠኝ ወሩ ሥራ አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ በአንድ ሰዓት ተኩል አለቀ።

ወርቅዬ ተነሥታ ወደ ደጅ ወጣች። ለአንድ ሰው መናገር ፈልጋ ነበር። ደምሴ ወጥቷል፤ መዝገብ ቤቱ ተቆልፏል። በሩ ላይ ዘበኛው አባባ ጌጡ ካፖርታቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«አባባ ጌጡ፣ የስሙን ነገር ሠራሁት» አለቻቸው።

«እሰይ፣ እግዜር ይመስገን» አሉ። ጥቂት አሰቡና «መብራቱ መጥቷል እንዴ? ሬዲዮኗን ልሰካት ነበር» አሏት።

ገብታ ሬዲዮናቸውን ሰካችላቸው።

ማሽኑ ካወጣቸው ጥንዶች አብዛኛዎቹ ስማቸው ይመሳሰል እንጂ ሌላ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውንና የትውልድ ቦታቸውን እያስተያየች ስትለይ መስከረም ጠባ። እውነትም አንድ ሰው የሚመስሉት አርባ ሦስት ጥንዶች ቀሩ። ዐሥራ ሰባተኛው ዩኑስ ነበር። የጠፉት ዝርዝር ላይ በእንግሊዝኛው ዩ ፊደል ነው የሚጀምረው፤ መጠለያው ውስጥ የጻፈው ሰው ግን ዋይን አስቀድሞ አናባቢዎቹን ሁሉ ለውጧል። ዑመር በኦ ነው የተጻፈው፤ ይፋግም ኢፋግ ተብሏል። የአያቱ ስም አንድ ነው፤ ዕድሜው ሃያ አንድ ይላል። ሬድዋንን ከማሽኑ አልፋ ዝርዝሩን አንድ ባንድ እያነበበች ፈለገችው፤ እሱ የትም አልነበረም።

አንድ ነገር ብቻ አላማራትም። ወዴት ትሄዳለህ በሚለው ዓምድ ሥር የተጻፈው ይፋግ አይደለም፤ ዲላ ነው። የይፋግ ልጅ ከጦር ሜዳ ተርፎ፣ መኪና ተዘጋጅቶለት፣ ወደማያውቀው ደቡብ ምን ወሰደው? ለእናቱ ከመናገሯ በፊት ልታረጋግጥ ፈለገችና ለዲላ መስጊድ ሽማግሌዎች ደብዳቤ ጻፈች። «እናቱ ወይዘሮ ከድጃ በሕይወት አሉ፤ በየዓመቱ እየመጡ ይጠይቁታል» የሚል ቃል አስገባችበት።

መልሱ በኅዳር ደረሰ። የጻፈው ራሱ ዩኑስ ነበር።

«ለእኅቴ ወርቅዬ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እኔ የጠፋሁ ሰው አይደለሁም፤ የይፋግን መንገድ አውቀዋለሁ። ሬድዋን በ1983 ሚያዝያ ከጎኔ ሞቷል፤ በእጄ ነው የቀበርኩት። የተያዝን ቀን እሱ ጨርቅ መደብር ውስጥ ተደብቆ ነበር። ‹ሄደዋል፣ ውጣ› ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ። ይህን አክስቴ ነጅሚያ አታውቅም። ብቻዬን ተመልሼ ከእሷ ግድግዳ ጎን እንዴት አድራለሁ ብዬ ወደዚህ መጣሁ። ዓመት ቆይቼ ልሄድ ነበር፤ ዓመቱ ዐሥር ሆነ። የልብስ ስፌት መኪና እየጠገንኩ እኖራለሁ፤ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉኝ። ለእናቴ ብቻ ንገሪልኝ። አክስቴ እንዳትሰማ።»

ወርቅዬ ደብዳቤውን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ቀኑን ሙሉ ሥራ አልያዘላትም። ሰው ሲገኝ ደስታ ብቻ የሚሆን መስሏት ነበር።

በታኅሣሥ እኅትማማቾቹ እንደ ልማዳቸው መጡ፤ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወርቅዬ አዲሱን ፕሮግራም አልነካችውም። በድሮው አጻጻፍ፣ በድሮው ትእዛዝ ሁለቱን ስሞች ጻፈች። ማሽኑ እውነትም በዚያ አጻጻፍ የሚያውቀው ዩኑስ አልነበረውም።

«የለም፣ እማማ» አለች፤ ፊቷን ወደ ማሽኑ እንዳዞረች።

ሲነሡ ከድጃን አስቀረቻቸውና «የርስዎ ቅጽ ላይ ፊርማ ጎድሏል፤ በሚመጣው ሳምንት ብቻዎን ብቅ ይበሉ» አለቻቸው።

ከድጃ በሳምንቱ መጡ። ወርቅዬ በሩን ገርበብ አድርጋ ደብዳቤውን አነበበችላቸው። ሁለት ጊዜ አስነበቧት። አላለቀሱም፤ የሻርፓቸውን ጫፍ ይዘው እያፍተለተሉ ሰሙ።

«ልጆቹ ማን ማን ይባላሉ?»

«አልጻፈውም፣ እማማ።»

«ሚስቱስ?»

«እሱንም አልጻፈው።»

ሻርፑን ለቀቁት። «ነጅሚያ በወሊድ ታማ ሳለች ሬድዋን የኔን ጡት ነው የጠባው» አሉ በመጨረሻ። «የዩኑስን ስም እዚያው ተይው ልጄ። ከጠፉት ጋር ይቆይ። እኔ ባለ ልጅ፣ እሷ ልጅ የሌላት ሆነን ባንድ ግድግዳ አንኖርም።»

«እሳቸውም እኮ የልጃቸውን ማወቅ አለባቸው።»

«ማወቁስ አለባት። ከኔ አፍ ግን አይወጣም። ካንቺም እንዳይወጣ ቃል ግቢልኝ።»

ወርቅዬ ቃል ገባች።

በጥር ከድጃ ዓይኔን ልታከም አዲስ አበባ እሄዳለሁ ብለው ከይፋግ ተነሡ። ዲላ ደርሰው ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ግምጃ ቤቱ መጡ። ከጡታቸው ሥር ፎቶግራፍ አወጡ፤ አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ የስፌት መኪና ተደግፈው ቆመዋል። «ይቺ ኑሪያ ናት። ይኼ ሬድዋን ነው» አሉ። «የሟቹን ስም አውጥቶለታል።» ከወርቅዬ በቀር ይህን ፎቶ የሚያሳዩት ሰው በዓለም ላይ አልነበራቸውም። ነጅሚያ የእኅታቸውን ቤት እንደራሳቸው ቤት ስለሚከፍቱት፣ ከድጃ ፎቶውን በወርቅዬ መሳቢያ ውስጥ ትተውት ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ክርና ጨርቅ ልገዛ ነው እያሉ በየወሩ ይመጡ ጀመር። ወርቅዬ መሳቢያውን ትከፍታለች፤ እሳቸው ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ያዩታል። ልጅቷ የማንን ግንባር እንደወሰደች፣ ልጁ እንዴት እንደሚኮላተፍ ይነግሯታል። ወርቅዬም ስለ አባቷ ታጫውታቸዋለች። እሑድ እሑድ በሯን ዘግታ ስትቀመጥ፣ ከድጃ የሚመጡበትን ቀን ስትቆጥር ራሷን ታገኘዋለች። ለሌሎቹ አርባ ሁለት ሰዎችም ደብዳቤ ጽፋ ነበር፤ የመለሱት ዘጠኝ ናቸው። ከዘጠኙ ስድስቱ ቀድሞውንም አገራቸው ገብተው ማንም ስማቸውን ሳያሰርዝላቸው የኖሩ ነበሩ።

ዓመቱ ዞረ። በ1995 ረመዳን በኅዳር መጨረሻ ተፈታና እኅትማማቾቹ በሳምንቱ መጡ። ወርቅዬ ጻፈች። «የለም» አለች። ከድጃ «የለም ማለት ሞተ ማለት አይደለም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ጥቂት ፈጠነ።

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ነጅሚያ ብቻቸውን ከግምጃ ቤቱ ደጃፍ ቆመው አገኘቻቸው።

«ዛሬ ብቻዎን ነዎት?»

«እኅቴ ገበያ ናት። መምጣቴን አልነገርኳትም።» ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከዚህ በፊት ይህን ያህል ሲናገሩ ሰምታቸው አታውቅም ነበር። «እኅቴ ዓይኔን ብላ አዲስ አበባ ሄደች። ዓይኗ እንደ ድሮው ነው፤ የተለወጠው ፊቷ ነው። ድሮ ዱዓ ስታደርግ ‹ልጆቻችንን መልስልን› ነበር የምትለው። ግድግዳው ስስ ነው፣ እሰማታለሁ። አሁን ሬድዋንን ብቻ ነው የምትጠራው።»

ወርቅዬ ገርበብ ያለውን መሳቢያ ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«የእሷ እንደተገኘ አውቄአለሁ። ዓመት ሙሉ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እንደማትነግረኝም ገባኝ፤ ለኔ አዝና ነው። አንቺንም ቃል አስገብታሻለች መሰለኝ። ስለ እሷ ልጅ አልጠይቅሽም። የኔን ልጅ ብቻ ልጠይቅሽ። ተቀብሯል?»

ወርቅዬ እጆቿን ከማሽኑ ላይ አንሥታ ጉልበቷ ላይ አደረገቻቸው። የገባችውን ቃል አሰበች። እኒህ ሴት ደግሞ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሲጠብቁ ኖረዋል።

«ተቀብሯል፣ እማማ» አለች። «በዘመድ እጅ።»

«በዩኑስ?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ነጅሚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በከንፈራቸው ጸለዩ። ወርቅዬ ውኃ ቀድታ ሰጠቻቸው፤ ይዘውት ቆዩ እንጂ አልጠጡም።

«የቀረውን እሱ ነው መናገር ያለበት» አለች ወርቅዬ።

«እንግዲያውስ ይምጣና ይንገረኝ። ያን ልጅ እኔስ አላሳደግኩትም? ጻፊለት። ነጅሚያ ና ትልሃለች በይው።»

ዕለቱን ጻፈች። ከድጃ ነገሩን ሲሰሙ ተቀየሟት፤ በታኅሣሥም በጥርም አልመጡም። ፎቶው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ወርቅዬ አንዳንድ ቀን ብቻዋን አውጥታ ታየዋለች፤ ኋላ ግን የሰው ልጆች ፎቶ ይዛ መቀመጧ ደስ አላላትምና በፖስታ አሽጋ አስቀመጠችው።

ዩኑስ ለአረፋ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ መጣ። ከበዓሉ በኋላ ለሬድዋን ነፍስ ሰደቃ ሲዘጋጅ፣ ወይዘሮ ነጅሚያ ወርቅዬን አስጠሯት። ፖስታውን በቦርሳዋ ይዛ ይፋግ ወረደች። ግቢው ሙሉ ሰው ነው፤ አንድም የምታውቀው የለም። ሴቶቹ ዘንድ ቦታ ሰጧት፤ አንዲት ክርስቲያን ጎረቤት ለብቻ የሠራችላትን የጾም ወጥ አቀረቡላት፤ ደጋግመው ብይ አሏት። ከዩኑስ ጋር ሰላምታ የተለዋወጡት በጥድፊያ ነው። ረጅም፣ ግንባሩ ገባ ያለ፣ እጁ ላይ የማሽን ዘይት ያልለቀቀው ሰው ነበር። «አስቸገርኩሽ» ብቻ አላት፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ጠሩት።

ሰደቃው እንዳበቃ ነጅሚያ ዩኑስን ይዘው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡና በሩ ተዘጋ። ከድጃ በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ ሥራ እንዳላቸው ሁሉ ዕቃ ማንሣት ጀመሩ። አንድ ጊዜ የወንድ ልቅሶ ተሰማ፤ ከዚያ ምንም። ቆይተው ነጅሚያ ወጡ። ፊታቸው እንደ አመድ ግርጥት ብሏል። ማንንም አላዩም፤ ትንሹ ልጅ ከእናቱ ጎን ቆሞ ነበርና «ሬድዋን፣ ና እስቲ» አሉት። ልጁ አፈረ። እናቱ ገፋ አደረገችው፤ ሄደ። እቅፋቸው ውስጥ አስገብተው ራሱን ማሽተት ጀመሩ። ከድጃ ከወለሉ ተነሥተው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ አንዳቸው የሌላቸውን ትከሻ ተደግፈው ሁለቱም ማልቀስ ጀመሩ።

ወርቅዬ ቀስ ብላ ወጣች። ከድጃ እስከ ዋናው መንገድ ተከትለው ሸኟት።

«ተቀይሜሽ ነበር» አሏት።

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

«ቃልሽን ስላፈረስሽ አይደለም። እኔ ልነግራት የሚገባኝን አንቺ ስለነገርሻት ነው።» ወርቅዬ ፖስታውን ሰጠቻቸው። ከፍተው አላዩትም፤ ልጆቹ ቤት ውስጥ ናቸው። «እንዳትጠፊ» አሏትና ጉንጯን ስመው ተመለሱ።

የመጣው ሚኒባስ የሞላ ነበር፤ ጠጋ ጠጋ ብለው አስገቧት። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ዶሮ በቅርጫት ይዛለች።

«ከሰደቃው ነሽ?» አለቻት። «የነጅሚያ ልጅ ታወቀ አሉ። ዘመዶችሽ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«ታዲያ በምን ታውቂያቸዋለሽ?»

ወርቅዬ ከየት እንደምትጀምር አሰበች። ስለ ሁለቱ ዝርዝሮች፣ ስለ ዋይና ስለ ኬ፣ ስለ ማውጫው ለመናገር አፏን ከፈተች። ሴትዮዋ ግን ዶሮዋ ክንፏን ስላወጣች ወደ እሷ ዞራለች።

«በሥራ ነው» አለች ወርቅዬ።

«እንዲያ ነው» አለች ሴትዮዋ።

ወረታ ሲደርሱ ፀሐይ ወደ ጣና በኩል ዘንበል ብላለች። የደብረ ታቦሩ መኪና ለመሙላት ሦስት ሰው ቀርቶታል። ወርቅዬ ገብታ ከኋላ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠችና፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የቀሩትን ሁለት ሰዎች መጠበቅ ጀመረች።